ሞራ ማንበብና ምድርን ማንበብ

(በአምቦ ከተማ በተደረገው የማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



በዚህ ጉባኤ ላይ ንግግር እንዳቀርብ በተጠየቅሁ ጊዜ ከእኔ የተጠበቀው ስለ ከርሰ ምድር ውሃ አሰሳ እንድናገር ነበር። የምናገረውም ስለዚያው ነው። ይሁን እንጂ ንግግሬን ከመለኪያ መሣሪያው ሳይሆን ከበሬ ሞራ፣ ከቡና ስኒና ከሥዕል ካርታ ጋር አያይዤ እንዳቀርብ ትፈቅዱልኝ ዘንድ እለምናለሁ። ይህን የማደርገው ጉባኤውን ለማዝናናት ብዬ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት በዚሁ በምዕራብ ሸዋ በፈጸምሁት ስሕተት ምክንያት አንድ ጥያቄ እስከ ዛሬ ስላልለቀቀኝ ነው። ጥያቄውም፣ ምልክት አንብቦ ለሰው የሚናገር ሁሉ ለንባቡ ተጠያቂነቱ እስከ ምን ድረስ ነው? የሚል ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጊንጪ ወደ አምቦ ሲመጡ ከዋናው መንገድ ወጣ ብሎ የሚገኝ አንድ ቀበሌ አለ፤ ስሙን መጥራት አስፈላጊ አይመስለኝም። ሕዝቡ የሚጠጣው ከአንዲት ምንጭ ነው። ምንጯ በክረምት ትሞላለች፤ በበጋ ትሳሳለች። ሰውና ከብት በአንድነት ይጠጡባታል። እናቶችና ልጃገረዶች ጀሪካን አዝለው ቁልቁለቱን ይወርዳሉ፤ ዳገቱንም ይወጣሉ። ያኔ አገለግልበት የነበረው መሥሪያ ቤት ለዚህ ቀበሌ ጥልቅ ጉድጓድ ለማስቆፈር ባሰበ ጊዜ ቦታውን አጥንቼ እንዳቀርብ ታዘዝሁ። ተወልጄ ያደግሁት በዚሁ መንገድ ዳር በመሆኑ ትእዛዙን የተቀበልሁት በደስታ ነበር።

የምድርን የኤሌክትሪክ ተቃውሞ የመለካቱ ዘዴ ለብዙዎቻችሁ እንግዳ አይደለም። ሆኖም በመካከላችን የመንገድና የሕንፃ መሐንዲሶችም ስላሉ ባጭሩ ላስታውስ። አራት የብረት ካስማዎች በአንድ መስመር ላይ ይተከላሉ። በውጪዎቹ ሁለት ካስማዎች የኤሌክትሪክ ፍሰት ወደ ምድር ይላካል፤ በውስጠኞቹ በሁለቱ መካከል የሚፈጠረው የቮልቴጅ ልዩነት ይለካል። የውጪዎቹ ካስማዎች ርቀት በሰፋ ቁጥር ፍሰቱ ወደ ጥልቁ ስለሚወርድ፣ ልኬቱ ከላይኛው አፈር ወደ ታችኛው ዐለት እየዘለቀ ይሄዳል። ፈረንሳዊው ኮንራድ ሽሉምበርዠ በ1912 እ.ኤ.አ. ገደማ በሜዳ ላይ የሞከረው ይህ ዘዴ ዛሬም በመላው ዓለም ይሠራበታል። የተገኙት ቁጥሮች በወረቀት ላይ ሲሰፍሩ አንድ የተጣመመ መስመር ያወጣሉ። መሐንዲሱ የሚያነበው ያን መስመር ነው፤ ከምድር በታች ያለውን ነገር በዐይኑ አላየውም።

ስንጥቅ የሌለበት ጥብቅ ባዛልት ኤሌክትሪክን አጥብቆ ስለሚቃወም መስመሩን ወደ ላይ ይወስደዋል። ውሃ የሞላበት የተሰነጣጠቀ ዐለት ግን ተቃውሞው ስለሚቀንስ መስመሩን ወደ ታች ይስበዋል። ችግሩ መስመሩን ወደ ታች የሚስበው ውሃ ብቻ አለመሆኑ ነው። ዐለት በስብሶ የሚፈጠረው ሸክላማ አፈርም፣ ለጉድጓድ የሚሆን ውሃ ባይለቅም እንኳ፣ መስመሩን እንደዚያው ያደርገዋል። በአምቦ አካባቢ ደግሞ ሦስተኛ ነገር ይጨመራል። እንደሚታወቀው ከ1930 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጠርሙስ እየተሞላ የሚሸጠው የአምቦ ውሃ በምድር ስንጥቅ በኩል ጋዝና ማዕድን ይዞ የሚወጣ ነው። ማዕድን የሟሟበት ውሃ ኤሌክትሪክን በቀላሉ ስለሚያሳልፍ ጥቂቱ እንደ ብዙ ሆኖ ሊታይ ይችላል። በዚህ ላይ ባንድ በኩል ባዛልቱ፣ በሌላ በኩል ደግሞ አዲስ አበባ ድረስ ለሕንፃ ሥራ የሚወሰደው የአምቦ የአሸዋ ድንጋይ ሲታሰብ፣ አንድ መስመር በሁለትና በሦስት ዓይነት ሊነበብ መቻሉ ግልጽ ነው።

እኔ ይህን አላጣሁትም። ከመስመሩ ግርጌ በእርሳስ «ሸክላም ሊሆን ይችላል» ብዬ በማስታወሻ ደብተሬ ጽፌ ነበር። ነገር ግን የበጀት ዓመቱ ሊያልቅ ተቃርቧል፤ የመቆፈሪያው መኪናም ወረፋ ይዟል፤ ከመሥሪያ ቤቱ የመጣው ደብዳቤ የሚጠይቀው «ውሃ አለ ወይስ የለም?» ብሎ ነበር። ስለዚህ በሪፖርቱ ላይ «በተመረጠው ቦታ በቂ የከርሰ ምድር ውሃ ይገኛል» ብዬ ጻፍሁ። ጥርጣሬዬ በደብተሩ ውስጥ ቀረ።

ቁፋሮው ሊጀመር አንድ ቀን ሲቀረው በአምቦ ከተማ አደርን። ከእኛ ጋር ከውጭ ሀገር በቅርቡ የተመለሰ አንድ ባልንጀራችን ነበር። ከእራት በኋላ ከሻንጣው የሥዕል ካርታ አወጣ፤ ታሮት የሚባለው ነው። በእያንዳንዱ ካርታ ላይ የአንድ እንስሳ ሥዕል አለ፤ በጠርዙም ቻክራ ከሚባሉት ሰባት የሰውነት ማዕከሎች የአንዱ ምልክት ከነቀለሙ ተስሏል። «ስለ ጉድጓዱ እንጠይቀው» አለና እንድመዝ ካርታዎቹን ዘረጋልኝ። መጀመሪያ የወጣው ዝሆን ነው፤ ምልክቱ ከሁሉም በታች ያለው የሥሩ ማዕከል ነው። «መሠረቱ ጠንካራ ነው» ተባለ። ቀጥሎ አዞ ወጣ፤ ምልክቱ የሁለተኛው ማዕከል ነው፤ የእርሱም ባሕርይ ውሃ ነው። ገበታው በሙሉ በሳቅና በጭብጨባ ተናወጠ። ሦስተኛውን ካርታ መምዘዝ አላስፈለገም። እኔም እየሳቅሁ፣ በልቤ ግን እውነት ደስ ብሎኝ ወደ መኝታዬ ሄድሁ።

ስለዚህ ካርታ ኋላ ካነበብሁት ጥቂቱን ላካፍላችሁ። ታሮት በመጀመሪያ የጥንቆላ ዕቃ አልነበረም። በ15ኛው መቶ ዓመት በሰሜን ኢጣልያ የተጀመረ መጫወቻ ነው። በጠቅላላው 78 ካርታዎች አሉት፤ 22ቱ ባለ ታላላቅ ሥዕል ሲሆኑ 56ቱ እንደ ተራ መጫወቻ ካርታ በአራት ወገን የተከፈሉ ናቸው። ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ በ1781 እ.ኤ.አ. ኩር ደ ዤብላን የተባለ ፈረንሳዊ ጸሐፊ፣ ካርታው ከጥንታዊት ግብፅ የወረደ የምስጢር መጽሐፍ ነው ብሎ ጻፈ። ማስረጃ አላቀረበም፤ ሰው ግን ተቀበለው። ዛሬ በሰፊው የሚታወቀው ሥዕል በ1909 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ የታተመው፣ ፓሜላ ኮልማን ስሚዝ የተባለች ሠዓሊ የሳለችው ነው። የቻክራው ነገር ደግሞ ከሌላ ሀገር፣ ከህንድ የመጣ ነው። ቃሉ በሳንስክሪት መንኩራኩር ማለት ነው። በ1577 እ.ኤ.አ. የተጻፈ አንድ የታወቀ የህንድ መጽሐፍ ማዕከሎቹን ሲዘረዝር ለሥሩ ዝሆንን፣ ለሁለተኛው አዞ መሰሉን የውሃ አውሬ፣ ለሦስተኛው በግን፣ ለአራተኛው ጥቁር ድኩላን ይሰጣል። መጽሐፉ በ1919 እ.ኤ.አ. ወደ እንግሊዝኛ ተተረጎመ። ሰባቱን የቀስተ ደመና ቀለማት በተራ ለሰባቱ ማዕከሎች ያደሏቸው ግን በ20ኛው መቶ ዓመት የነበሩ ምዕራባውያን ናቸው። የኢጣልያ መጫወቻና የህንድ መንኩራኩር በአንድ ካርታ ላይ የተገናኙት እንግዲህ ትናንት ነው ማለት ይቻላል።

አንድ ነገር ግን አስደነቀኝ። በ1909ኙ ካርታ የመጨረሻ ሥዕል ላይ በአራቱ ማዕዘን ሰው፣ ንስር፣ በሬና አንበሳ ተስለዋል። ይህን ሥዕል ከእኛ መካከል በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ እያየ ያደገ ሁሉ ያውቀዋል፤ ኅዳር 8 ቀን የሚታሰቡት አርባዕቱ እንስሳ ናቸው። ለካርታ አንባቢው የአንድ ጕዳይ መፈጸም ምልክት ነው፤ ለእኛ ሀገር ምእመን ደግሞ የእግዚአብሔርን ዙፋን የሚሸከሙ ናቸው። ሥዕሉ አንድ ሲሆን ንባቡ እንደ አንባቢው ነው።

በማግሥቱ ማለዳ ከቀበሌው ስንደርስ ሽማግሌዎቹ አንድ ወይፈን አርደው ቆዩን። ሞራ የማየቱ ልማድ በሜጫ ኦሮሞ ሀገር የቆየ መሆኑን የዚህ አካባቢ ተወላጆች ታውቃላችሁ። ሞራ የሚባለው ጨጓራንና አንጀትን እንደ መጋረጃ የሚሸፍነው፣ ስብ የተጠላለፈበት ስስ ሽፋን ነው። ሞራ ገላጩ ዕድሜያቸው የገፋ አዛውንት ነበሩ። ሽፋኑን ትኩስ እንዳለ በሁለት እጃቸው ዘርግተው ወደ ፀሐይ አቀኑት። ብርሃኑ በስቡ መካከል ሲያልፍ የደም ሥሮቹ አንዱ ካንዱ እየተጋጠሙ፣ እንደ ወንዝና እንደ ገባር ቁልጭ ብለው ታዩ። እውነቱን ለመናገር፣ በቢሮዬ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን የተፋሰስ ካርታ አስታወሱኝ። አዛውንቱ ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው አዩ። አስቀድመው ግን ስለ ሞራው ሳይሆን ስለ ሰዎቹ ጠየቁ፤ መሬቱ የማን እንደሆነ፣ በምንጯ ምክንያት የተጣላ እንዳለ፣ የታመመ እንዳለ ጠየቁ። ከዚያ በኋላ «ውሃው ይወጣል» አሉ። ሕዝቡ እልል አለ።

የእንስሳን የውስጥ አካል ማንበብ የዚህ ሀገር ብቻ ልማድ አይደለም። በደቡብ ኢትዮጵያ ሐመሮች የፍየል አንጀት ያነባሉ። በጥንታዊት ባቢሎን ካህናት የበግ ጕበት ያነቡ ነበር፤ ተማሪዎቻቸውንም የሚያስተምሩበት ከሸክላ የተሠራ የጕበት ምስል ዛሬ በለንደን በብሪቲሽ ሙዚየም ይገኛል። በኢጣልያ በፒያቼንዛ አጠገብ በ1877 እ.ኤ.አ. የተገኘው የነሐስ ጕበት ደግሞ ጠርዙ በ16 ክፍል ተሸንሽኖ በየክፍሉ የአማልክት ስም ተጽፎበታል። ይህ እንግዲህ የመሐንዲስ ሥራ ይመስላል፤ መለኪያ አለው፤ ክፍፍል አለው፤ መማሪያ አለው።

በመጽሐፍ የሚሠራበት የእኛው ዐውደ ነገሥትም እንዲሁ ነው። የጠያቂውና የእናቱ ስም ፊደሎች ወደ ቁጥር ተለውጠው ይደመራሉ፤ ድምሩ በ12 ይገደፋል፤ ቀሪው ኮከቡን ያሳያል። ቀሪው 1 ቢሆን ሐመል፣ 2 ቢሆን ሠውር እያለ እስከ ሑት ይዘልቃል። ሐመል በግ፣ ሠውር በሬ፣ አሰድ አንበሳ፣ ዐቅራብ ጊንጥ፣ ሑት ዓሣ ናቸው፤ ስሞቹ ከዐረብኛ የመጡ ናቸው። ስሌቱ ትክክል ነው፤ ማንም ቢሠራው ያው ቀሪ ይወጣል። ይሁን እንጂ የስሌት ትክክል መሆን የውጤቱን እውነት መሆን አያረጋግጥም። ይህ ዐረፍተ ነገር ስለ ኮከብ ቆጣሪው የተነገረ ቢመስልም፣ በኮምፒዩተር ፕሮግራም የሚወጣውን የእኔንም መስመር ይመለከታል።

በሃይማኖት ዐይን በነዚህ ነገሮች ላይ የሚሰጠው ፍርድ የሌላ መድረክ ነው፤ በመካከላችንም ልዩ ልዩ እምነት ያላችሁ ስላላችሁ ወደዚያ አልገባም። የእኔ ነገር የባለሙያ ነገር ነው።

ቁፋሮው ተጀመረ። በመጀመሪያው ቀን የወጣው ቀይ አፈር ነበር። ቀጥሎ ግራጫ ሸክላ መጣ፤ እየተጣበቀ ሥራውን አዘገየው። ሸክላው ያልቃል ስንል አላለቀም። ካለቀም በኋላ ያገኘነው ጥብቅ ዐለት ነበር። 140 ሜትር ላይ ሲደረስ ከጉድጓዱ የሚወጣው ደረቅ አቧራ ብቻ ሆነ። የቁፋሮው ኀላፊ ቀና ብሎ አየኝ፤ እኔም ማስታወሻ ደብተሬን አየሁ። በእርሳስ የጻፍሁት ቃል በቦታው ነበር። በዚያው ቀን ማሽኑ ተነሣ። እኔም ከማሽኑ ጋር ተነሥቼ ወደ አዲስ አበባ ተመለስሁ። ለሕዝቡ አንድ ቃል አልተናገርሁም፤ የመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ይነግራቸዋል ብዬ ነበር።

ወደ ቀበሌው የተመለስሁት ከብዙ ወራት በኋላ፣ በሌላ ሥራ ሳልፍ ነው። እንዳላቆም ፈልጌ ነበር፤ ኅሊናዬ ግን አላሳልፍ አለኝ። ሽማግሌዎቹ ከዋርካው ሥር አገኙኝ። የተነጋገርነው በኦሮምኛ ነው። ያልጠበቅሁትን ነገር የሰማሁት በዚያን ጊዜ ነው። የእኔ ሪፖርት «በቂ ውሃ ይገኛል» ስላለ፣ ምንጯን ለማጎልበት ሰብስበው የነበረውን ገንዘብ ለጉድጓዱ ማሽን መግቢያ መንገድ አውለውታል። ፍየላቸውን የሸጡ ነበሩ። ጉድጓዱ ደረቅ ሲሆን ምንጯም ሳትታጠር፣ ሳትጎለብት፣ ከብት እንደ ገባባት በጋው መጣ። በዚያ በጋ ብዙ ሕፃናት በተቅማጥ ታመሙ። አንዲት እናት «እኛ ከውሃው ይልቅ የደከምነው ከተስፋው ነው» አሉኝ።

እኔም ለመከላከል ያህል «አባባ፣ ሞራውም እኮ ውሃ አለ ብሎ ነበር» አልሁ። የሽማግሌዎቹ ታላቅ ትንሽ ዝም ካሉ በኋላ እንዲህ አሉ፦

«ልጄ፣ እውነትህን ነው፤ እሳቸውም ተሳስተዋል፤ አንተም ተሳስተሃል። እሳቸው ሲሳሳቱ ግን ቤታቸውን እናውቃለን። በማግሥቱ ሄደን ወቀስናቸው። ተቀምጠው ሰሙን። ልቅሶ ላይ እናገኛቸዋለን፤ ደቦ ላይ እናገኛቸዋለን። አንተን የት እናገኝሃለን?»

መልስ አልነበረኝም።

ከዚያ በኋላ ወደ ሞራ ገላጩ ቤት ሄድሁ። በአክብሮት ተቀበሉኝ፤ ቡናም ተፈላ። ስለ ስሕተቱ ስጠይቃቸው «ሞራው አልዋሸም፤ የሳተው ዐይኔ ነው» አሉኝ። ቡናው ተጠጥቶ ሲያልቅ ስኒዬን ገልብጬ አስቀመጥሁ፤ አያቴ በልጅነቴ ስኒ ገልብጣ በዝቃጩ ውስጥ መንገድና እንግዳ ታይ እንደነበር ትዝ አለኝ። እርሷም መንገደኛው ሳይመጣ ሲቀር ስኒውን ወቅሳ አታውቅም፤ «እኔ ነኝ በደንብ ያላየሁት» ትል ነበር።

የተከበራችሁ ባልደረቦቼ፤ የዚህ ንግግር ፍሬ ነገር በነዚህ በሁለቱ አነጋገሮች መካከል ይገኛል። «አንተን የት እናገኝሃለን?» የሚለውና «ሞራው አልዋሸም» የሚለው ናቸው።

በመጀመሪያ ስለ ሁለተኛው ልናገር። በምልክት ንባብ ውስጥ ምልክቱ ፈጽሞ አይሳሳትም፤ የሚሳሳተው አንባቢው ብቻ ነው። አነጋገሩ ትሕትና ይመስላል፤ ነገር ግን በሩን ይዘጋል። ምልክቱ አይሳሳትም ከተባለ ምልክቱን መመርመር የሚቻልበት መንገድ የለም። ሺህ ሞራ ቢነበብና አምስት መቶው ቢስት፣ አንድ ሺህ አንደኛው የሚነበበው እንደ መጀመሪያው ነው። የእኛ ሙያ ከዚህ የተለየው መሣሪያው ከብረት ስለተሠራ አይደለም። ጆርጅ አግሪኮላ በ1556 እ.ኤ.አ. በታተመው የማዕድን ሥራ መጽሐፉ፣ በዘመኑ የነበሩ ማዕድን ፈላጊዎች ባላ እንጨት ይዘው ማዕድን ያለበትን ቦታ እናገኛለን ይሉ እንደነበር ገልጿል፤ አዋቂ የማዕድን ሰው ግን በእንጨቱ ሳይሆን ምድር ራሷ በምታሳየው ምልክት መመራት እንዳለበት መክሯል። የሙያችን አባቶች የተለዩት ውጤቱ ምልክቱን እንዲወቅሰው በመፍቀዳቸው ነው። ጉድጓዱ ሲደርቅ «መስመሩ ሸክላን ከውሃ መለየት አይችልም፤ እንግዲያው ሌላ ምስክር ያስፈልገናል» ማለት እንችላለን።

እንችላለን አልሁ እንጂ እናደርገዋለን አላልሁም። ወደ ቢሮዬ ተመልሼ በዚያ አካባቢ ከእኔ በፊት የተቆፈሩትን ጉድጓዶች መዝገብ ፈለግሁ። ውሃ የሰጡት ጉድጓዶች ፋይል በወጉ ተጠርዞ ተቀምጧል፤ ጥልቀቱ አለ፤ የፓምፑ ዓይነት አለ፤ የምረቃው ፎቶግራፍ ሳይቀር አለ። የደረቁት ግን ፋይል የላቸውም። ከአሮጌ የቁፋሮ ሠራተኞች ጋር ስነጋገር ከእኔ ጉድጓድ ብዙም ሳይርቅ ሌላ ደረቅ ጉድጓድ ተቆፍሮ እንደነበረ፣ በዚያም ግራጫ ሸክላ ወጥቶ እንደነበረ ሰማሁ። ያ መዝገብ በእጄ ቢሆን ኖሮ በእርሳስ የጻፍሁትን በቀለም እጽፈው ነበር። እንግዲህ ስሕተታችንን ካልመዘገብን እኛም ከሞራ ገላጩ በምን እንሻላለን? እሳቸው እንኳ ስሕተታቸውን ጎረቤቶቻቸው ያስታውሱላቸዋል።

አሁን ወደ መጀመሪያው አነጋገር እመለሳለሁ። ስዊድናዊው ተመራማሪ ካርል ኤሪክ ክኑትሶን በ1967 እ.ኤ.አ. ስለ ሜጫ ኦሮሞ የቃሉ ሥርዓት ባሳተመው መጽሐፍ እንደሚታየው፣ ቃሉው የሥርዓተ አምልኮ መሪ ብቻ አልነበረም፤ ሕዝብ በገልማው ተሰብስቦ ክርክሩን የሚያሰማበት፣ ዳኝነትም የሚያገኝበት ሰው ነበር። የኔው ሞራ ገላጭ ቃሉ አልነበሩም፤ ሆኖም ሞራውን ከማየታቸው በፊት ያቀረቧቸው ጥያቄዎች ከዚያው ዓለም የመጡ ይመስሉኛል። ሰው ከምልክቱ የሚፈልገው ወሬ ብቻ አይደለም። ነገሩን በአንድነት የሚያይበት፣ ፍርሃቱን የሚናገርበት፣ የሚወስንበት ሸንጎ ይፈልጋል። እኔ ግን ያቀረብሁላቸው ማኅተም ያለበት አንድ ዐረፍተ ነገር ነው። ለመጠየቅም፣ ለመጠራጠርም፣ ለመምረጥም ቦታ አልተውሁላቸውም። ጥርጣሬዬን ነግሬያቸው ቢሆን ኖሮ ሽማግሌዎቹ ምን ያደርጉ እንደነበር ራሳቸው ነግረውኛል፤ «መጀመሪያ ምንጯን እናጎለብት ነበር» ብለዋል። ሕፃናቱን የሚጠብቃቸው በሪፖርቴ ያልሰፈረው ያ ጥርጣሬ ነበር።

አንድ የግል ኑዛዜ ልጨምር። ያን ጊዜ ሦስት ንባብ ተደረገ፤ በመስመሩ፣ በካርታው፣ በሞራው። ሦስቱም «ውሃ አለ» አሉ። ስምምነታቸው ለጊዜው ደስ አሰኝቶኝ ነበር። ኋላ ሳስበው ግን ሦስቱ የተስማሙት ሦስቱንም ያነበብነው ውሃ የምንፈልግ ሰዎች ስለሆንን ነው። ሦስተኛውን ካርታ ሳልመዝ እንደተነሣሁ ሁሉ፣ መስመሩንም እስከምፈልገው ድረስ አንብቤ ተነሥቻለሁ። አሻሚ ምልክት የሚናገረው በአንባቢው ምኞት አንደበት ነው። አስተዋይ የሆኑ የታሮት አንባቢዎች እንኳ ዛሬ ካርታው የነገውን የሚናገር ሳይሆን የጠያቂውን ልብ የሚያሳይ መስተዋት ነው ይላሉ። መሐንዲስ ግን መስተዋት ይዞ ለሕዝብ መስኮት ነው ማለት አይፈቀድለትም።

የነገሩ ፍጻሜ ምን ሆነ ብላችሁ እንደምትጠይቁ አውቃለሁ። በሚቀጥለው ዓመት በመሥሪያ ቤቱ ፈቃድ ወደ ቀበሌው ተመለስሁ። በመጀመሪያ ምንጯ ጎለበተች፤ ታጠረች፤ ለከብቱም ለብቻው መጠጫ ተሠራ። ከዚያ በኋላ አዲስ ልኬት አደረግሁ። በዚህ ጊዜ ግን አንድ ትልቅ ምስክር በእጄ ነበር፤ እርሱም ደረቁ ጉድጓድ ነው። የሸክላው ውፍረት በትክክል ይታወቃል፤ ዐለቱ የሚጀምርበትም ጥልቀት ይታወቃል። ስለዚህ መስመሩ እንደፈለግሁ እንዳይነበብ የሚያስገድደው ልጓም ተገኘለት። ሁለት ቦታ መረጥሁና ሪፖርቱን ከማስገባቴ በፊት ከዋርካው ሥር በሽማግሌዎቹና በእናቶቹ ፊት አነበብሁት። የማውቀውን፣ የምጠረጥረውን፣ ባይሳካ የሚቀረውን በየተራ ነገርኋቸው። አንድ ሰው «ታዲያ አታውቅም ማለት ነው?» አለኝ። «ከዓምናው የበለጠ አውቃለሁ፤ ሁሉን ግን አላውቅም» አልሁት። ተማከሩና ቀረብ ያለውን ቦታ መረጡ። ሞራ ገላጩም በሸንጎው ተቀምጠው ነበር፤ በዚያ ቀን ወይፈን አልታረደም።

ጉድጓዱ ውሃ ሰጠ። ብዙ አይደለም፤ ለሰው ይበቃል። ባይሰጥ ኖሮ ግን የዚያን ቀን ሥራዬ ስሕተት ነበር አልልም።

የተከበሩ ሊቀ መንበር፤ ንግግሬን በሁለት ሐሳቦች ልደምድም። አንደኛው፣ ማኅበራችን የደረቁ ጉድጓዶች መዝገብ ይክፈት የሚል ነው። ከሆለታ እስከ ባኮ በዚህ ሀገር የቆፈርን ሁሉ ያጣነውን ቦታ፣ ጥልቀቱን፣ የወጣውን አፈርና ዐለት፣ ከቁፋሮው በፊት ያነበብነውንም መስመር ሳናፍር እናስገባበት። ስም መጻፍ ካስፈራን ያለ ስም ይሁን። የመጀመሪያውን ገጽ እኔ ለመሙላት ዝግጁ ነኝ፤ ወረቀቱን ይዤ መጥቻለሁ።

ሁለተኛው ለእያንዳንዳችን የሚሆን ነው። ሪፖርታችንን ፈርመን ከማስገባታችን በፊት የእነዚያን አዛውንት ጥያቄ ራሳችንን እንጠይቅ። ያነበብነው ሳይሆን ሲቀር፣ በማግሥቱ የሚወቅሰን ሰው የት ያገኘናል?